ስብሰባችን ፍሬ እንዲሰጥ ምን እናድርግ?



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ስብሰባ ነው። «ስብሰባ ደግሞ መቼ አጣን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስብሰባ ሞልቷል። የቀበሌ ስብሰባ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ስብሰባ አለ። የእድር፣ የትምህርት ቤት፣ የእርከን ሥራ ስብሰባ አለ። ችግራችን የስብሰባ ማነስ አይደለም። ችግራችን ከስብሰባ ተመልሰን ቤት ስንገባና «ምን ተወሰነ?» ስንባል «እንጃ፤ ብዙ ተወራ» ማለታችን ነው።

ስብሰባ ወሬ አይደለም፤ ሥራ ነው። ገበሬ ሲያርስ አስቀድሞ ማሳውን ያያል፤ ዘሩን ይመርጣል። ከዘራ በኋላም ያርማል፤ ይጠብቃል። ዘርቶ ዝም የሚል ገበሬ የለም። ስብሰባም እንዲሁ ነው። ከስብሰባው በፊት ዝግጅት ያስፈልጋል። በስብሰባው ላይ ሥርዓት ያስፈልጋል። ከስብሰባው በኋላ ክትትል ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የዋልንበት ቀን ባክኖ ይቀራል።

ይህንን በባዶ ቃል ከምንናገር ያየነውን አንድ ነገር እናውጋችሁ።

የአንድ ቦይ ነገር

ፊደል ለማስቆጠር በሄድንበት ቀበሌ አንድ ወንዝ አለ። ከወንዙ ተጠልፎ የወጣ አንድ ቦይ ሁለት መንደር ያጠጣል። በላይኛው መንደር 24 ተጠቃሚዎች አሉ። በታችኛው መንደር 12 ተጠቃሚዎች አሉ። በድምሩ 36 ናቸው።

ክረምቱ እንዳለፈ ውሃው ለሁሉም ይበቃል። ከታኅሣሥ ወዲያ ግን ወንዙ ይቀጥናል። ያን ጊዜ የላይኛው መንደር ቀን ቀን ያጠጣል። ለታችኛው መንደር የሚደርሰው ሌሊት ብቻ ነው። ሌሊት ደግሞ ብርድ አለ፤ ጅብ አለ። ባል የሞተባት ሴት ሕፃን ልጇን ትታ በእኩለ ሌሊት ውሃ ልትመራ አትችልም። እንዲህ እያለ አንድ ሌሊት ቦዩ ተሰበረ። በማግሥቱ ሰዎች ዱላ ተማዘዙ። ደግነቱ ሽማግሌ ገላገለ። ስብሰባም ተጠራ።

የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው ረቡዕ ዕለት ነው። ረቡዕ የገበያ ቀን ነው። ከታችኛው መንደር አራት ሴት ተጠቃሚዎች ገበያ ስለ ነበሩ አልመጡም። የመጣው 32 ሰው ነው። ቦታው የላይኛው መንደር ሜዳ ነበር። ስለ ምን እንደሚነገር አስቀድሞ የተነገረው ሰው የለም። ከወረዳ የመጣ እንግዳ ስለ ማዳበሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ቀጥሎ አንድ አዛውንት የድሮ የድንበር ጠብ አነሱ። ሌላው መለሰላቸው። ጩኸት ሆነ። ስለ ውሃው መነጋገር የተጀመረው ሰው ሁሉ ከተራበና ከደከመው በኋላ ነው። በመጨረሻ ሰብሳቢው «እንግዲህ ውሃው በአግባቡ ይከፈል» አለ። ተጨበጨበ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህ ስብሰባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቆየ። እስቲ የተማርነውን ሂሳብ እንሥራበት። 32 ሰው 5 ሰዓት ዋለ። 32 ሲባዛ በ5፣ 160 ሰዓት ይሆናል። አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ይሠራል ብንል፣ 160 ሲካፈል ለ8፣ 20 ይሆናል። ይህ ማለት የ20 ቀን ሥራ በአንድ ቀን ወጪ ሆነ ማለት ነው። በምትኩ ምን ተገኘ? «በአግባቡ ይከፈል» የሚል አንድ ቃል! አግባቡ ምንድን ነው? ቀን ነው ሌሊት? ማን ይክፈለው? ከመቼ ጀምሮ? የሚያውቅ የለም። ቦዩም እንደ ነበረ ቀጠለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በታችኛው መንደር የሦስት ሰው ሽንኩርት ደረቀ።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ስብሰባ ተደረገ። ያኛው ፍሬ ሰጠ። ምን ተለየ? ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስለ ቀድሞው ጥቂት እንበል።

መመካከር ለእኛ አዲስ አይደለም

አገራችን ውስጥ ተሰብስቦ መመካከር የቆየ ነገር ነው። እድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው። የጽዋ ማኅበር ሙሴ አለው። የባህል መስኖ ባለበት ብዙ ቦታ የውሃ አባት ተመርጦ ተራ ያስይዛል። ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማል። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ይህ ሁሉ የስብሰባ ሥርዓት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ወጣ። ገበሬው ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ በማኅበር እንዲደራጅ ያ አዋጅ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ በየአገሩ ተለመደ። ነገር ግን አባቶች እንደሚያስታውሱት ብዙው ስብሰባ መመሪያ መስሚያ ሆኖ ቀረ። ከላይ የመጣ ይናገራል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከዚያ ዘመን የተረፈን አንድ መጥፎ ልማድ ቢኖር ይህ ነው፤ ስብሰባ ሄደን ዝም ማለት። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ተስማማ ተብሎ ይጻፍበታል።

በ2006 ዓ.ም. የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የራሳቸው አዋጅ፣ ቁጥር 841/2006፣ ወጣላቸው። በኅብረት ሥራ ማኅበርም አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ብዙ መሬት ያለውም ትንሽ መሬት ያለውም እኩል ነው። ሕጉ ይህንን መብት ይሰጣል። መብቱን በሥራ ላይ የሚያውለው ግን ስብሰባው ላይ የተቀመጠው ሰው ራሱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስብሰባ እንመለስ።

ሀ. ከስብሰባው በፊት

1ኛ. ጉዳዩ አስቀድሞ ይነገር። የመነጋገሪያው ጉዳይ አጀንዳ ይባላል። ሰው አጀንዳውን ካወቀ በመንገድም፣ በምድጃ ዙሪያም ያስብበታል። ያላሰበበት ሰው ግን ስብሰባ ላይ አፉ ያመጣለትን ይናገራል። በሁለተኛው ስብሰባ አጀንዳው ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛ፣ የውሃ ተራ። ሁለተኛ፣ የቦይ ጠረጋ። ሁለቱ በወረቀት ተጽፈው በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ከሦስት ቀን በፊት ተለጠፉ። ያነበበ ላላነበበ ነገረ።

2ኛ. ቀኑ ይመረጥ። የገበያ ቀን አይሁን። የጸሎት ሰዓት አይሁን። የአጨዳ ወይም የውቂያ ሰሞን ረጅም ስብሰባ አይጠራ። ሴቶች መቼ እንደሚመቻቸው ራሳቸው ይጠየቁ እንጂ ባል አይገምትላቸው። ሁለተኛው ስብሰባ የተደረገው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው።

3ኛ. ቦታው ይመረጥ። ሁለት ወገን በሚገናኝበት ስብሰባ ቦታ ራሱ ይናገራል። በአንዱ ደጃፍ ከተሰበሰብን ሌላው እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ ከሁለቱ መንደር መካከል ያለው ዋርካ ተመረጠ።

4ኛ. ጉዳዩ የሚነካው ሰው ሁሉ ይጠራ። በቦይ ጉዳይ ይበልጥ የሚጎዳው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ሳይጠራ የሚቀረውም እሱ ነው። እነዚያ አራት ሴቶች በመጀመሪያ በየቤታቸው ተጠሩ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ተጠራ። ነገር ግን «ውሃው በቀን ለስንት ሰው ይበቃል? ይህንን ለክተህ ንገረን» ተብሎ ነው የተጠራው። ባለሙያ የሚጠራው ለተጠየቀው ነገር መልስ ይዞ እንዲመጣ ነው።

ለ. በስብሰባው ላይ

1ኛ. ሰብሳቢ ወገን አይሁን። የውሃ አባቱ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን የላይኛው መንደር ሰው ናቸው። ስለዚህ ከየመንደሩ አንድ አንድ፣ ሁለት ሰብሳቢዎች ተመረጡ። አንዱ የመጀመሪያውን አጀንዳ መራ፤ ሌላው ሁለተኛውን። የሰብሳቢ ሥራ ብዙ መናገር አይደለም። የሰብሳቢ ሥራ ሌላው እንዲናገር ማድረግና ነገሩ ከመንገዱ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው።

2ኛ. ጸሐፊ ይኑር፤ ሰዓት የሚጠብቅም ይኑር። አጀንዳው ሁለት ስለ ሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃል ተባለ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዳይናገር ተስማሙ። ሰዓት የያዘው ወጣት እጁን ሲያነሣ ተናጋሪው ያበቃል። ሽማግሌ ቢሆንም፣ ባለሥልጣን ቢሆንም ያበቃል። ይህ ንቀት እንዳይመስል ደንቡን ያጸደቁት ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው።

3ኛ. ከአጀንዳ የወጣ ነገር ይቀመጥ። ያ የድንበር ጠብ ዳግመኛ ተነሣ። ሰብሳቢው «አባቴ፣ ነገሩ ትልቅ ነው፤ በሽማግሌ ይታያል። ጸሐፊው ይጻፈው፤ ዛሬ ግን የውሃ ቀን ነው» አሉ። አዛውንቱም ነገራቸው ሲጻፍ አይተው ተቀመጡ። ልብ በሉ፤ «ዝም በሉ» ቢባሉ ኖሮ ጠቡ ይቀጥል ነበር። የሰው ነገር ሲጻፍ መደመጡን ያውቃል።

4ኛ. ያልተናገረ ይጠየቅ። ሁልጊዜ የሚናገሩት አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው «ከኋላ ያላችሁስ?» ብሎ ብቻ ቢያልፍ አይበቃም። የውሃውን ተራ ከጫፍ ጀምሮ በየስማቸው ጠየቋቸው። አንዲት እናት «የኔ ነገር ቀላል ነው። ቀን ይሁንልኝ። አንድ ሰዓትም ቢሆን ቀን ይሁንልኝ» አሉ። በመጀመሪያው ስብሰባ በአምስት ሰዓት ውስጥ ያልተነገረው ዋና ነገር ይኸው ነበር።

5ኛ. ውሳኔው ሁለቱንም ወገን ያስማማ። እጅ አውጥቶ መቁጠር ጥሩ ነው። ነገር ግን 24 እጅ 12 እጅን ሁልጊዜ ይበልጣል። በእጅ ብዛት ብቻ ቢወሰን የታችኛው መንደር ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው። ተሸናፊ ደግሞ ቀን እሺ ይላል፤ ሌሊት ቦይ ይሰብራል። ስለዚህ ሁለት ወገን በጋራ በሚሠራበት ጉዳይ ከየወገኑ ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው መስማማት አለበት ተባለ። እያንዳንዱ መንደር ለብቻው እጅ አወጣ። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ግን ከጠብ ይሻላል።

የልማት ሠራተኛው የለካውን ተናገረ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ ውሃው ስድስት ሰው ያጠጣል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። እሑድን ትተን በሳምንት ስድስት ቀን አለ። ስድስት ቀን በስድስት ሰው ሲባዛ 36 ሰው። ለሁሉም ይዳረሳል! የላይኛው መንደር 24 ሰው ስለ ሆነ አራት ቀን ይደርሰዋል። የታችኛው 12 ሰው ስለ ሆነ ሁለት ቀን ይደርሰዋል። ይህ ሂሳብ በመሬት ላይ በእንጨት ተጽፎ ሁሉም አየው። ሂሳቡ በዓይን ሲታይ ጩኸቱ በረደ።

ሐ. ቃለ ጉባኤው

በስብሰባ ላይ የተወሰነው ሲጻፍ ቃለ ጉባኤ ይባላል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? ጥሩ ቃለ ጉባኤ ረጅም አይደለም። ማን ምን አለ የሚለውን ሁሉ አይጽፍም። ምን ተወሰነ? ማን ይሠራዋል? መቼ? ባይሠራስ? እነዚህን አራቱን ከመለሰ ይበቃል። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፡-

ቀን፡- እሑድ፣ ጥር 19 ቀን
ቦታ፡- ዋርካው ሥር
የተገኙ፡- ከላይኛው መንደር 22፣ ከታችኛው መንደር 12፣ በድምሩ 34
ውሳኔ 1፡- የላይኛው መንደር ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ቀን ያጠጣል። የታችኛው መንደር ዓርብና ቅዳሜ ቀን ያጠጣል። በየቀኑ ስድስት ሰው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት። ሌሊትና እሑድ ውሃው ለከብትና ከበታች ላሉ ሰዎች ወደ ወንዙ ይለቀቃል።
ውሳኔ 2፡- ቦዩ 720 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ 20 ሜትር ይጠርጋል። ጠረጋው ማክሰኞ፣ ጥር 21 ቀን ይፈጸማል።
ኃላፊ፡- የውሃ አባትና ከታችኛው መንደር የተመረጠ አንድ ሰው
ያልጠረገ፡- ድርሻውን እስኪጠርግ ድረስ ተራው ይቆያል።
ቀጣይ ስብሰባ፡- ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ በዚያው ቦታ

አሁን ዋናውን ነገር እንንገራችሁ። በዚያ አካባቢ ከዚህ ቀደም ቃለ ጉባኤ የሚፈረመው በአውራ ጣት ነበር። ጸሐፊው ይጽፋል፤ ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። በወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

የዚያን እሑድ ግን ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ተነበበ። ጸሐፊው «የታችኛው መንደር ዓርብ ሌሊትና ቅዳሜ ሌሊት ያጠጣል» ብሎ አነበበ። «ቀን ይሁንልኝ» ያሉት እናት ተነሡ። እኚህ እናት ከእኛ ጋር ፊደል የቆጠሩ ናቸው። «አንዴ ቆይ ልጄ። ምን አልክ? እስቲ ወረቀቱን አሳየኝ» አሉ። ወረቀቱን ተቀበሉ። በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡ፤ «ሌ... ሊ... ት»። ከዚያ ቀና ብለው «እኛ የተስማማነው ቀን ብለን ነው» አሉ።

ጸሐፊው ደነገጠ። ተንኮል አልነበረም። የታችኛው መንደር ተራ ዘወትር ሌሊት ስለ ነበር እጁ በልማድ ሌሊት ብሎ ጻፈ። ስሕተቱ በአንድ መስመር ተሰረዘ። «ቀን» ተብሎ ተጻፈ። ሁለቱም ሰብሳቢዎች በጎኑ ፈረሙ። እኚያ እናትም በአውራ ጣት ሳይሆን ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ።

አስቡት። ያ ወረቀት ሳይነበብ ቢፈረም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ዓርብ ጠዋት እኚያ እናት ቦዩ ላይ ይቆማሉ። ሌላው «በወረቀቱ ላይ ሌሊት ይላል፤ አንቺም ፈርመሻል» ይላቸዋል። በአንድ ቃል ምክንያት የዓመት ሽንኩርት ይደርቃል። በአንድ ቃል ምክንያት ሰው ይጋጫል። ማንበብ ለጌጥ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ፊደል የቆጠረ ገበሬ የፈረመበትን ያውቃል።

መ. ከስብሰባው በኋላ

የተወሰነው ካልተሠራ ስብሰባው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ፡-

1ኛ. ቃለ ጉባኤው በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ ለላይኛው፣ አንዱ ለታችኛው ወገን ይሰጥ። የተራው ዝርዝር ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ በወፍጮ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ይለጠፍ።

2ኛ. የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጀመር በመጀመሪያ ያለፈው ውሳኔ ይነበብ። ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን «ተፈጽሟል» ወይም «አልተፈጸመም» ተብሎ ይጻፍ። ያልተፈጸመው ለምን እንዳልተፈጸመ ይጠየቅ። የሚጠየቀው ለማዋረድ አይደለም፤ እንቅፋቱን ለማንሳት ነው።

3ኛ. ውሳኔው ካልሠራ ይስተካከል። በዚያ ቀበሌ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሰበሰቡ 33 ሰው ድርሻውን ጠርጎ ነበር። ሦስት ሰው አልጠረገም። አንዱ ታሞ ነበር፤ ጎረቤቶቹ በደቦ ሊጠርጉለት ተስማሙ። ሁለቱ ግን ቸልተኞች ነበሩ፤ ተራቸው ቆየ። በማግሥቱ አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ዱላ የያዘ ሰው ግን አልነበረም።

ይህ ማለት ችግሩ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ወንዙ አሁንም በበጋ ይቀጥናል። የላይኛው መንደር አንዳንድ ሰዎች ዓርብ ሲመጣ ያጉረመርማሉ። ነገር ግን የሚያጉረመርሙት በስብሰባ ላይ ነው፤ በሌሊት ቦይ በመስበር አይደለም። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ክር በቦታው ሲሆን ነው።

በየንባብ ቡድናችሁ ተወያዩባቸው

1. በአካባቢያችሁ በመጨረሻ በተደረገው ስብሰባ ስንት ሰው ነበር? ስንት ሰዓት ቆየ? የስንት ቀን ሥራ ወጪ ሆነ? አስሉት።
2. በዚያ ስብሰባ ላይ ምን ተወሰነ? ማን ይሠራዋል? መቼ? በአራት መስመር ጻፉት። መጻፍ ካቃታችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው ወይስ የስብሰባው?
3. በስብሰባችሁ ላይ ሁልጊዜ ዝም የሚለው ማን ነው? ለምን?
4. የቃለ ጉባኤው መዝገብ የት ነው? ሄዳችሁ አንብቡት። የእናንተ አውራ ጣት ያለበት ገጽ ካለ በላዩ የተጻፈውን አንብቡ።

ሳናነብ አንፈርም! የፈረምነውን እንፈጽም!

ከአንድ ዘማች ተማሪ